እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚከፈት በር

መጀመሪያ ያየሁት ፊደሉን ነው። ሥራዬ ማተም ስለሆነ የትም ብወሰድ ዓይኔ ቀድሞ የሚሄደው ወደ ጽሕፈት ነው። እስር ቤቱ ከጁባ ዳር ባለ አንድ ግቢ ውስጥ የቆመ የዕቃ ኮንቴነር ነበር፤ ዝገት የበላው፣ ድሮ ሰማያዊ የነበረ። ጎኑ ላይ የባለቤቱ ድርጅት ስም በትልልቁ ተጽፎ ነበር፤ ግማሹ ተልጦ የቀሩት ፊደላት ምንም ቃል አይሠሩም። ከኋላዬ የሚገፋኝ ወታደር እስኪጮህብኝ ድረስ ቆሜ፣ የጠፉት ፊደላት ምን ሊሆኑ እንደሚችሉ አሰብኩ። ሰው ሲታሰር ምን ያስባል ብዬ ጠይቄ አላውቅም ነበር። እኔ ያሰብኩት ይህንን ነው።

የታሰርኩት በቲሸርት ነው። ጁባ ታውን፣ አሮጌው ገበያ ውስጥ ትንሽ ማተሚያ ሱቅ አለችኝ፤ ባነር፣ የሠርግ ካርድ፣ የኳስ ቡድን ማልያ፣ የመጣውን ሁሉ አትማለሁ። ጥቂት ወጣቶች መጡና ነጭ ቲሸርት ላይ ሁለት ቃል አትምልን አሉኝ፤ «ኒና ፊ»። በጁባ ዓረብኛ «አለን» ማለት ነው። አጭር ናት፣ ቀለም አትፈጅም፣ ደስ አለችኝ። ልጆቹ ለብሰዋት ሰልፍ ወጡ፣ ሰልፉ ተበተነ፣ እኔም በማግስቱ ከሱቄ ተወሰድኩ። መርማሪዎቹ ቲሸርቱን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው «ማነው ያለው? የት ነው ያለው?» ይሉኝ ነበር። ያዘዙኝን ልጆች ስም አላውቅም፤ አላውቅም አልኩ። እውነቴን ነበር፤ እውነት ግን በዚያ ክፍል ውስጥ ብዙም አትረዳም።

የኮንቴነሩ በር ተከፍቶ ወደ ጨለማው ሲወረውሩኝ፣ ከውስጥ በጠራ አማርኛ አንድ ድምፅ መጣ።

«ጫማህን አውልቀህ ግባ። ቤት ነው።»

እነዚህ ቃላት የአንድ ሽማግሌ ደቡብ ሱዳናዊ ነበሩ። በመጀመሪያው ጦርነት ጊዜ በልጅነታቸው ተሰደው ጋምቤላ ያደጉ፣ በኋላም አዲስ አበባ ውስጥ የጭነት መኪና ሲነዱ ኖረው፣ አገራቸው ነጻ ስትወጣ የተመለሱ ሰው ናቸው። ልጅህ መንግሥትን ከሚወጋው ወገን ጋር ነው ተብለው ነው የታሰሩት። አማርኛቸው የመርካቶ ስለነበር ወዲያው «ጋሼ» አልኳቸው፤ እሳቸውም ስሙን እንደ ተገቢ ነገር ተቀበሉት። ሦስተኛችን ከካስተም ገበያ የተያዘ የዳርፉር ነጋዴ ነበር። ዝምተኛ ነው፤ ነጭ ጥምጥሙን በዚያ ሙቀት እንኳ በሥርዓት አጥፎ ራስጌው ያኖራል።

የጋሼ ደረት አይረባም ነበር። ከረፋዱ ጀምሮ ብረቱ እየጋለ ሲመጣ ትንፋሻቸው እንደ ተቀደደ ወናፍ ያፏጫል። ቁጭ ብለው ግድግዳውን ሳይነኩ፣ አፋቸውን ከፍተው፣ ዓይናቸውን በሩ ላይ ተክለው ይውላሉ። በሩ ጥቂት ገርበብ ቢል ነፋስ ይገባ ነበር። ወታደሩን በዓረብኛም በዲንካም ለምነውታል። እሱም ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ ክፈት ያለው የለም።

ምግብ የሚመጣው በቀን አንድ ጊዜ፣ እኩለ ቀን ላይ ነው። አሲዳ ይመጣል፤ ጠንከር ያለ የበቆሎ ገንፎ ማለት ነው፣ ላዩ ላይ የቦሎቄ ወጥ ጣል የተደረገበት። ከተበላ በኋላ ቀኑ ያልቃል። ብርሃኑ አለ፣ ሙቀቱ አለ፣ የሚጠበቅ ነገር ግን የለም። ከእስሩ ሁሉ የከበደኝ ይህ ከሰዓት በኋላው ነበር፤ ሰው ጨርሶ የተረሳ ይመስለዋል።

ወቅቱ ሁዳዴ ነበር። እኔ ጎበዝ ጿሚ አይደለሁም። ሥጋና ወተት እተዋለሁ እንጂ ጠዋት ሻዬን በዳቦ ጠጥቼ ነበር ሱቅ የምከፍተው። እንዲያውም ነገሩን የጀመርኩት ከጽድቅ ሳይሆን ለማየት ከመጓጓት ነው። ይህንን ምሳ እንደ ደንበኛው ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባቆየው፣ ከሰዓት በኋላው ምን ይሆናል? ጣሪያው አጠገብ ሚስማር የምታህል ቀዳዳ ነበረች፤ የምታስገባው ብርሃን ሳንቲም አክሎ ወለሉ ላይ ይጓዛል። ብርሃኗ የውኃ ጀሪካናችን ሥር ስትደርስ ዘጠኝ ሰዓት ነው ብዬ ወሰንኩ። ማን ይከራከረኛል?

የመጀመሪያ ቀን ጋሼ ሳቁብኝ። «ኧረ ባክህ፣ በረሃብ ላይ ጾም ምን ይባላል?» አሉና በሉ። ነጋዴው ግን ጥምጥሙን ዘርግቶ ሳህኔን ሸፈነልኝ። በረመዳን ያደገ ሰው ነው፤ አልተብራራለትም፣ ገባው። በማግስቱ እሱም ከእኔ ጋር ቆየ። ጋሼ ትንሽ ቀን ብቻቸውን በሉና አንድ ቀን ሳህናቸውን ገፋ አደረጉት። «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» አሉ ተቆጥተው፣ ጥፋቱ የእኛ እንደሆነ ሁሉ።

ያን ጊዜ የገረመኝን ነገር ዛሬም አልረሳውም። ረሃብ ያው ረሃብ ነው፤ ሰዓት ሲኖረው ግን ሰውን አይበላም። ሦስት ሽማግሎች ይመስል ያቺን ብርሃን ከበን ተቀምጠን፣ ዛሬ ፈጠነች፣ ዛሬ ዘገየች እንባባላለን። ደመና ሲሆን እንጨቃጨቃለን። ጀሪካኑ ሥር ስትደርስ ነጋዴው ጥምጥሙን ያነሳል፤ የቀዘቀዘው ቦሎቄ እንደ ድግስ ይሸተኛል። ቦሎቄን አመስግኜ በልቼ የማላውቅ ሰው፣ እያንዳንዷን ፍሬ በምላሴ እያገላበጥኩ አመሰገንኩ።

ወታደሩ ግን ያየው ሌላ ነገር ነው። ሳህን ሊሰበስብ ሲመለስ ምግቡ ተሸፍኖ፣ ሳይነካ ያገኘዋል። በፖለቲካ የታሰረ ሐበሻ ምግብ እምቢ አለ፤ ጭራሽ ሌሎቹንም አስተባበረ። በዚያ ሰሞን ደግሞ እስረኛ የሚጎበኙ የውጭ ሰዎች ይመጣሉ የሚል ወሬ ነበር። ነገሩ ወደ ላይ ደረሰ፤ አንድ ቀን ከምሳ በኋላ በሩ ወለል ብሎ ተከፈተና መኮንኑ ቆመ።

ረጅም ሰው ነው። ጫማው አቧራ አልነካውም፤ ክንዱ ላይ ትልቅ ሰዓት አስሯል። የተሸፈኑትን ሳህኖች አየና ወደ እኔ ዞረ።

«ኢታ ደሩ ሹኑ?» አለኝ። ምን ትፈልጋለህ ማለቱ ነው። ሱቄ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ለደንበኛ የማቀርበው ጥያቄ ነው። ከታሰርኩ ወዲህ ይህንን እኔን የጠየቀኝ እሱ የመጀመሪያው ነበር።

ጋሼ ቀደሙኝ። አስተርጓሚ መስለው፣ እኔ አንድ ቃል ሳልናገር፣ ይህ ሰው ቀን ቀን በሩ ክፍት እንዲሆን ይፈልጋል፣ በሩ ከተከፈተ ይበላል አሉ። የገበያ ዓረብኛዬ ለዚህ አያንስም፤ «ባብ» ሲሉ በር ማለታቸው እንደሆነ ገባኝ። መኮንኑም ነገሩን ማመዛዘን ጀመረ። ሊስማማ እንደሚችል ከፊቱ አየሁ።

ዝም ብል ኖሮ ይበቃ ነበር። የጋሼን ደረት እየሰማሁ ነው የዋልኩት፤ በሩን ከእሳቸው ባላነሰ እፈልገዋለሁ። ግን ፈራሁ። አድማ ከሆነ አድመኛ አለ፤ አድመኛ ደግሞ ከዚያ ግቢ ወደ ሌላ ቦታ ይወሰዳል፣ የት እንደሆነ የሚያውቅ አልነበረም። ከፍርሃቱ በላይ ሌላም ስሜት ነበረኝ። ሱቄን፣ ስልኬን፣ ቀበቶዬን ወስደዋል። ያቺ እስከ ዘጠኝ የምትቆይ ምሳ ራሴ የመረጥኳት ብቸኛ ነገሬ ነበረች። ልለውጣት አልቻልኩም።

«ላ» አልኩ። «አና ሳይም።» አይደለም፣ ጾመኛ ነኝ።

መኮንኑ ጋሼን አየ፣ እኔን አየ። ከሁለታችን አንዳችን እንደዋሸን ገብቶታል፤ ማን እንደሆነ ግን አልለየውም። እንግዲያው ስትበላ ልይህ አለኝ። በዘጠኝ ሰዓት ነው የምበላው አልኩት። ሰዓቱን ተመለከተና ዘጠኝ እኮ ጠዋት አልፏል አለ፣ ትዕግሥቱ እያለቀ። ጋሼ በንዴት እየተንተከተኩ፣ ሐበሻ ሰዓት የሚቆጥረው ፀሐይ ከወጣች ጀምሮ ነው፣ የእሱ ዘጠኝ ያንተ ሦስት ነው ብለው አስረዱልኝ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው በአማርኛ «በሩን በአፍህ ዘጋኸው» አሉኝ።

መኮንኑ ግን አልሄደም። የፕላስቲክ ወንበር አስመጥቶ በሩ ላይ፣ ግማሹ ውስጥ ግማሹ ውጭ፣ ተቀመጠ። በዓይኑ ሳያይ ሪፖርት አላደርግም ብሎ ነው መሰለኝ። በሩ ወለል ስላለ የኛ የብርሃን ሳንቲም ከቀኑ ብርሃን ውስጥ ጠፋች፤ ሰዓታችን እሱ ሆነ።

ጠበቅን። መጀመሪያ ቆቡን አወለቀ፣ ቀጥሎ የአንገቱን ቁልፍ ፈታ። ላቡ በጆሮው ሥር ሲወርድ አየዋለሁ። በኮንቴነር ውስጥ ቀትር ምን እንደሆነ ከዚያ በፊት ያወቀ አይመስለኝም፤ እኛም አልነገርነውም። የግቢው ነፋስ በእግሩ መካከል አልፎ ይገባል። ጋሼ ሊያናግሩኝ አልፈለጉም፤ ፊታቸውን አዙረው ነበር። ቆይቶ ግን አንድ ነገር ጎደለብኝና ምን እንደሆነ ፈለግኩ። ፉጨቱ ነበር። ደረታቸው ዝም ብሏል።

ነጋዴው አንዴ፣ ደረሰ እንዴ ብሎ እጁን ወደ ጥምጥሙ ሰደደ። መኮንኑ ሰዓቱን አየና ጣቱን ወዘወዘ፤ ገና ነው። ከዚያ በኋላ ከእኛ ይልቅ ጠንቃቃው እሱ ሆነ። ሰዓቱ ሲደርስ ራሱ ተነሳና «ኸላስ፣ አኩሉ» አለን፤ በቃ፣ ብሉ። በላን። ጋሼ መጀመሪያ በኩርፊያ፣ ኋላ ግን በደህና አፍ በሉ። መኮንኑ የመጨረሻዋ ፍሬ እስክታልቅ ቆሞ አየ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ትእዛዝ ወጣ። ሐበሻው አድማ እንዳልመታ ወታደሩ በዓይኑ እንዲያረጋግጥ፣ ምሳ ከመጣ ጀምሮ ተበልቶ እስኪያልቅ በሩ ክፍት ይሁን። ቅዳሜና እሁድ እስከ ዘጠኝ አይጾምም፤ ይህንንም ነግሬያቸው ስለነበር እነዚያን ቀናት ወዲያው እንበላለን፣ በሩም ወዲያው ይዘጋል። በቀሩት ቀናት ግን ቀኑ በሚከብድበት ሰዓት ላይ ነፋስ ነበረን። መኮንኑም አንዳንዴ በሦስት ሰዓቱ፣ በእኛ ዘጠኝ፣ ብቅ ብሎ ያየናል።

በበሩ የሚታየው ብዙ አልነበረም። አንድ የኒም ዛፍ፣ የተሰጣ የወታደር ልብስ፣ አንዲት እግሯ የታሰረ ዶሮ። በዚያች ዶሮ ላይ የተነጋገርነውን ያህል በፖለቲካ አልተነጋገርንም። እንቁላል ትጥላለች አትጥልም የሚለው ክርክር ነጋዴውን እንኳ አፍ አስፈታው። ጋሼ ትጥላለች ባይ ነበሩ። ነጻ ሰው እያለሁ ዶሮ ተከትዬ አይቼ አላውቅም፤ ያን ጊዜ ግን ስትጭር፣ ስትቆም፣ አንገቷን ስትሰብቅ፣ ምን ፈልጋ ይሆን እያልኩ እውል ነበር።

ፋሲካ ደረሰ። የቀኑን ቁጥር የያዙት ጋሼ ናቸው። ቀኑ እሁድ ስለሆነ እንደ ወትሮው ወዲያው በላን፣ በሩም ተዘጋ። ከእሁዶች ሁሉ የከፋው ያ ነበር። ጋሼ ከቀትር እስከ ማታ ቁጭ ብለው በትከሻቸው ተነፈሱ፤ ነጋዴው በባዶ ሳህን ሲያራግብላቸው እጁ ዛለ። እኔም ለራሴ ወሰንኩ። ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሃምሳ ቀናት ረቡዕና ዓርብ እንኳ እንደማይጾም አውቃለሁ። ግን ማን ይነግራቸዋል? ነገ ሳህኔን እሸፍናለሁ፣ ዘጠኝን እጠብቃለሁ፣ በሩ ይከፈታል። አንድም ቃል አልዋሽም፤ ዝም እላለሁ።

ሰኞ ምሳ መጣ። ነጋዴው ጥምጥሙን ዘረጋ። ጋሼ ጥምጥሙን አነሱት።

«ጾሙ ትናንት አልቋል» አሉኝ።

መልሼ ሸፈንኩት። መልሰው ገለጡት።

«በሩ ይዘጋል፣ ጋሼ» አልኩ በሹክሹክታ።

«ሃምሳውን ቀን ሁሉ እንዲህ ልትሆንልኝ ነው?» አሉ። «ያን ጊዜ ለራስህ እውነቱን ተናገርክ፤ አሁን ለእኔ ብለህ ልትደብቀው? እኔ የሰው ፋሲካ በልቼ አልተነፍስም።»

ከዚያ ወደ ወታደሩ ዞረው ጮክ ብለው በዓረብኛ ተናገሩ። ጾሙ አልቋል፣ የዚህ ሰው በዓል ነው፣ እየው ይበላል። አሲዳውን ቆርሰው፣ ቦሎቄ አጥቅሰው፣ በእጃቸው ወደ አፌ አቀረቡት። እምቢ ማለት አይቻልም። ጎረስኩ። ዓይኔ እንባ ማቅረሩን የምደብቅበት ጨለማ ገና አልመጣም ነበር።

ወታደሩ አየ፤ ሦስታችንም በላን። ትእዛዙ ተበልቶ እስኪያልቅ ነው፤ አለቀ። በሩን ዘጋው። ብረቱ ሲጋጭ ጋሼ ግድግዳውን ሳይነኩ ተስተካክለው ተቀመጡ። ፉጨቱ ቆየት ብሎ መጣ። በሁለት ትንፋሽ መካከል «እንኳን አደረሰህ» አሉኝ። «እንኳን አብሮ አደረሰን» አልኳቸው። ነጋዴው ሳህኑን አንስቶ ማራገብ ጀመረ፤ ሲደክመው እኔ ተቀበልኩት።

የብርሃኗ ሳንቲም ጀሪካኑ ሥር ስትደርስ በሩ ከውጭ ተንኳኳ። በዚያ ግቢ በር አንኳኩቶ የሚያውቅ አልነበረም። የመኮንኑ ድምፅ ነው፤ ለምን እንደተዘጋ፣ ምን እንደሆንን ጠየቀ።

ጋሼ ያላቸውን ትንፋሽ ሁሉ ሰብስበው መለሱ።

«ኒና ፊ።»

ሳቅ አመለጠኝ። ያን ያህል ጊዜ የተመረመርኩበት ቃል ነው፤ ማን እንዳለ፣ የት እንዳለ፣ መርማሪዎቹ በዚያች ሰዓት ቢጠይቁኝ ልመልስላቸው እችል ነበር። መወርወሪያው ተስቦ በሩ ተከፈተ። ጋሼ ለመኮንኑ ሁሉንም አስረዱት፤ ጾም የለም፣ የሚጠበቅ ሰዓት የለም፣ ዛሬም ነገም። የእኛ ፋሲካ አልፏል እኮ አለ ግራ ተጋብቶ፣ የራሱን ማለቱ ነው። ሰዓቱን ተመለከተ። ባዶ ሳህኖቻችንን አየ፣ የጋሼን ደረት አየ። ከዚያ ወንበሩን አስመጣና በዚያው በቦታው፣ ግማሹ ውስጥ ግማሹ ውጭ፣ ተቀመጠ። የሚያረጋግጠው ነገር አልነበረም። እስኪበርድ ድረስ አልተነሳም።

ከዚያ በኋላ በሩ አንዳንድ ቀን ይከፈታል፣ አንዳንድ ቀን ይዘጋል። ምክንያቱን አልጠየቅንም። የተፈታሁት እንደታሰርኩት ነው፤ ማንም ለምን እንደሆነ ሳይነግረኝ። ነጋዴው ወደ አገሩ ሄደ ብለውኛል። መኮንኑን ዳግመኛ አላየሁትም፤ ባገኘው ምን እንደምለው አላውቅም። ሰላምታ ይገባዋል ብዬ የማስብበት ቀን አለ፤ አይገባውም የምልበትም አለ።

ሱቄን መልሼ ከፍቻለሁ። በሩ ቀኑን ሙሉ ወለል ብሎ ነው የሚውለው። አብራኝ የምትሠራው ሴት፣ አቧራው ገና ያልደረቀውን ቀለም ያበላሽብናል፣ ኤርኮንዲሽነሩም በከንቱ ይደክማል ትለኛለች። ልክ ናት። አልዘጋውም።

ረቡዕና ዓርብ ምሳዬን አስመጥቼ፣ ከተራረፈ የቲሸርት ጨርቅ በአንዱ ሸፍኜ አስቀምጣለሁ። መንገዱ ይጮኻል፣ ቦዳ ቦዳ ሞተሮች ይንጫጫሉ፣ ከኡጋንዳ የመጣ ቲማቲም የጫነ መኪና ደጄ ላይ ቆሞ ሾፌሩ ይሰዳደባል። እኔ ሰዓት እጠብቃለሁ። የሚመጣ ነገር ያለው ከሰዓት በኋላ ስንት ዋጋ እንዳለው አውቃለሁ፤ ስለዚህ አልቸኩልም፣ ደስም ይለኛል።

ጋሼ ከእኔ በኋላ ተፈተው አሁን ቡሉክ ሰፈር ከሴት ልጃቸው ጋር ይኖራሉ። ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ ፀሐዩን በጥላ ጥላ እየሸሹ፣ እያረፉ ይመጣሉ። ሱቁ ደጃፍ ላይ ሲደርሱ አንድ እጃቸውን መቃኑ ላይ አድርገው ጫማቸውን ያወልቃሉ። አዲስ ደንበኛ ካለ ግራ ገብቶት እግራቸውን ያያል፤ እሱም የራሱን ማውለቅ እንዳለበት ይጠይቀኛል።

«ቤት ነው» ይሉታል ጋሼ፣ እኔ ሳልቀድማቸው። ከዚያ ጨርቁን እገልጣለሁ።